መቅደስ የላከችብኝ ሽማግሌዎች

አራጌ፣ የመቅደስ አባት፣

እንዴት ከረምክ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ባለህበት ክረምት መኖሩንም አላውቅ። እዚህ ግን አንተ ከተለየኸን አራተኛው ክረምት ወጣ። እስከ ዛሬ የማወራህ መቃብርህ ዳር ቆሜ በአፌ ነበር፤ ሰው ሲመጣ ዝም እላለሁ፣ ሲያልፍ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። የአሁኑ ነገር ግን እንደዚያ እየተቆራረጠ የሚነገር አልሆነም። ስለዚህ ዛሬ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢያነበውም አልጠላም። መርሳ ከተማ ውስጥ ከእኔ አፍ የወጣ አንድ ወሬ አለ፤ ከእኔው አፍ ካልተመለሰ ሰው ይጎዳል።

ከትልቁ ነገር በፊት ትንሹን መስማት ትወድ ነበርና የቤቱን ላስቀድም። ሱቋ ደህና ናት። በጦርነቱ ጊዜ የገነጠሉት የብረት በር ዛሬም ሲከፈት እሪ ይላል፤ አንተ ብትኖር በአንድ ጣት ግሪስ ትገላግለኝ ነበር፣ እኔ ግን በየጠዋቱ ሰፈሩን እቀሰቅስበታለሁ። ጋራዥህን አንድ የባጃጅ መካኒክ ይዞታል። ጨዋ ሰው ነው፣ ጸባዩን አላማም፤ ሥራው ግን! ባጃጇ ገና ሳትቆም መፍቻ ያነሳል። አንተ እኮ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጥ ነበር። ባለመኪናው ሲቸኩልብህ፣ ዝም በል፣ እየነገረችኝ ነው ትለው ነበር። ሰማያዊ ቱታህን አልሰጠኋትም። ወንድሞችህ ልብስህ ለነዳያን ይሰጥ ሲሉ እሺ ብዬ ሌላውን ሁሉ አወጣሁ፣ እሷን ግን ደበቅኳት። ግሪስ ግሪስ ትሸታለች፣ ማን ይፈልጋታል።

ማንጎህም አፈራች። በአምስት ዓመቷ ካላፈራች ቁረጧት ብለህ ነበር፤ ሰምታህ ነው መሰለኝ፣ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ ያዘች። የመጀመሪያዋን ፍሬ ማንም እንዳይነካት ብዬ ለመቅዲ አስቀመጥኩላት።

አሁን ትልቁን ልንገርህ። ታምሜያለሁ አራጌ። የጡት ካንሰር ነው።

ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ጠጣር ነገር አገኘሁ። የብጉንጅ ቢጤ ናት፣ ትጠፋለች ብዬ ተውኳት። አልጠፋችም፤ ባቄላ አከለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው የምመክረው እኔ፣ የራሴን ለዘሃራ እንኳ ሳልነግር ከረምኩ። ዘሃራ ያችው ናት፣ ዛሬም ሱቋ ከሱቄ ጎን ነው፣ ዛሬም ሚዛኔን ተውሳ አትመልስም። በመጨረሻ ወልድያ ሄጄ ታየሁ። ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ ሲደርስ መቅዲ ከአዲስ አበባ መጣች።

ያንተ ጊዜ እንዴት እንደነበር ታስታውሳለህ። ወንድሞችህ ሐኪሙን በር ላይ ይዘው፣ ለእሱ አንድ ነገር እንዳትተነፍስ ብለው አስማሉት። ጨጓራ ነው ተባለ። ቤቱ ሁሉ ጨጓራ አለ፣ እኔም ጨጓራ አልኩ። የአገራችን ደንብ ነው፤ የታመመ ሰው ልቡ እንዳይሰበር የበሽታው ስም ፊቱ አይጠራም። ግን የሰው ሞተር አዳምጠህ የምታውቅ ሰው የራስህን ሆድ ሳትሰማው ልትቀር ነው? አንድ ቀን ከካንሰሩ መርፌ ስትመለስ፣ ለጨጓራ ብለው ይህን ሁሉ አገር የሚያዞሩት ሰው ከእኔ ሌላ የለም ብለህ ሳቅክብኝ። ያኔ ማወቅህን አወቅኩ። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም።

መቅዲ ግን ዝም አላለችም። ከቀብርህ መልስ እዚሁ ሳሎን መሐል ቆማ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ለበሽተኛ የሚዋሽ የለም ብላ ማለች። ቃሏንም ጠበቀች። ወልድያ ሐኪሙ ፊት እጄን ይዛ፣ እማ ካንሰር ነው፣ ይታከማል፣ ግን ሳይውል ሳያድር መጀመር አለበት አለችኝ። ዓይኗን አልሰበረችም። ልቤ ስንጥቅ ቢልም በልጄ ኮራሁ።

የዚያን ዕለት ወደ መርሳ ስንመለስ ያቺን ማንጎ ቆርጬ ሰጠኋት፤ አልዋጥ አላት። ሌላ ወሬ ላንሳ ብዬ ሥራዋን ጠየቅኳት። ኬሚስትሪ ተምራ አዲስ አበባ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደምትሠራ አውቃለሁ እንጂ፣ ምን እንደምትሠራ በቅጡ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ብልቃጥ ታጥባለች እል ነበር። ለካ የምትደክመው የካንሰር መድኃኒት ላይ ነው!

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። አንተ የወሰድከው ዓይነት መድኃኒት ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የበሽታውን ቤት ለይቶ አያውቅም። ፈጥኖ የሚባዛውን ሴል ሁሉ ይመታል፤ የፀጉሩን፣ የአፉን፣ የአንጀቱን። ፀጉርህ የረገፈው፣ አፍህ የቆሰለው ለዚያ ነው። የካንሰሩ ሴል ቆዳ ላይ ግን ጤነኛው ላይ ከሚገኙት የበዙ በሮች አሉ። እነሱ ለእነዚያ በሮች የሚስማማ ፔፕታይድ የሚባል ነገር ይሠራሉ። ሥጋና ምስር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከተሠራባቸው ቅንጣቶች ጥቂቶቹ ሲያያዙ የሚገኝ አጭር ሰንሰለት ነው አለችኝ። መድኃኒቱን እሱ ላይ ያስሩታል። ፔፕታይዱ በሩን አግኝቶ ሲጣበቅ ሴሉ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ከገባ በኋላ ማሰሪያው ይበጠስና መድኃኒቱ እዚያው ይለቀቃል። ጎረቤቱ ብዙ ሳይጎዳ።

ፊቴን ስታየው እንዳልገባኝ አወቀች። እማ፣ ሽማግሌ ማለት ነው አለችኝ። ሰውየው ራሱ ሄዶ ልጃችሁን ስጡኝ ቢል ውሻ ይለቀቅበታል፣ ሽማግሌ ከላከ ግን በር ይከፈትለታል። ፔፕታይዱ ሽማግሌው ነው፤ መድኃኒቱን በጉያው ይዞ ይገባል።

ሳቅኩ አራጌ። አባቴ ያንተን ሽማግሌዎች፣ የመካኒክ እጅ አይጸዳም ብሎ ሁለት ጊዜ መልሷቸው የለ? በሦስተኛው ሼህ ይመርን ስታስከትል ነው አፉን የያዘው። ሼህ ይመር እስላም፣ አባቴ የቄስ ልጅ፤ ግን በእኛ ሰፈር ሼህ ይመር ያልተቀመጡበት ሽምግልና መቼ ያልቃል። ታዲያ ይሄ ካንሰር ከአባቴ ይሻላል፣ በመጀመሪያው ይከፍታል አልኳት። መቅዲም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ማንጎዋንም በላች።

ያቺ ሳቅ ናት ያሳሳተችኝ። በማግስቱ እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ሱቄን ከፍቼ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር ወሬ እቸረችር ጀመር። ልጄ የካንሰር መድኃኒት እየሠራች ነው፣ ያውም ፀጉር የማይነካ! አፌን ታውቀዋለህ። አንዷ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለግራና ከተማ ገበያ፣ ግራና ደግሞ ለሐራ። ወሬው ዞሮ እኔው ዘንድ ሲመለስ፣ የአራጋው ልጅ መድኃኒቱን አግኝታ እናቷ ሱቅ አስቀምጣዋለች ሆኖ አረፈው። አበስኩ ገበርኩ! ሰዉ ዘይት ሊገዛ ገብቶ ዓይኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ይፈልጋል።

አንድ ቀን ደርበው የሚባል ገበሬ ከግራና መጣ። ሚስቱ እንደ እኔው ጡቷን ታማለች። አንድ ቅርጫት ብርቱካን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እትዬ፣ ለዚያ መድኃኒት ለእኛም ተራ ያዙልን አለኝ። መድኃኒቱ እዚህ እንደሌለ ነገርኩት። ግን ደግሞ አይዞህ፣ መጠበቅ ነው፣ እኔም እየጠበቅኩ ነው አልኩት። መርቆኝ ሄደ።

የእውነቴን ነበር። ደሴ ሄጄ መርፌውን እንድጀምር ቀጥረውልኝ ቀርቻለሁ። አንተን አይቼ እንዴት ልሂድ? ያ ጠንካራ እጅህ ብሎን ማላላት ሲያቅተው፣ ውሃው እንኳ ብረት ብረት ይለኛል ስትለኝ፣ አይቼ! አንድ ቀን ጋራዥህን ልይ ብለህ ደግፌ ወሰድኩህ። በርጩማህ ላይ ተቀምጠህ መፍቻዎችህን ዝም ብለህ አየሃቸውና፣ ዘኑ፣ ለአንድ ቫልቭ ብለው እኮ ሞተሩን በሙሉ አወረዱት አልከኝ። ያቺ ቃልህ ከአንጀቴ አልወጣችም። ታዲያ እኔ ባቄላ ለምታህል ነገር ሞተሬን የማስወርደው ለምንድን ነው፣ የገዛ ልጄ ሽማግሌ ያለው መድኃኒት እየሠራችልኝ? እንዲህ ነበር የማስበው።

መቅዲ በየቀኑ እየደወለች ለመነችኝ። የእኔ ገና ነው እማ ትለኛለች። ገና ማለት ለእኔ ወር ነው፣ ቢበዛ እስከ ፋሲካ። ያንቺን ላኪልኝ፣ ሌላ በአፌም በክንዴም አይገባም አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ትሕትና መሰለኝ። ሥራው ሳያልቅ አፉን የማይከፍት፣ ያንተ ቢጤ ናት ብዬ ጭራሽ ደስ አለኝ። ካንሰር ነው ለማለት ዓይኗን ያልሰበረች ልጅ፣ የእኔ መድኃኒት ላንቺ አይደርስም ለማለት አፏ ተሳሰረ። እናቷን የሚገድላት የገዛ ሥራዋ ሆኖ ታያት። ጠዋት ጠዋት ቤተ ሙከራው በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልገባ ይላት እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ። እኔ ይህን አላውቅም። እኔ ማንጎህ ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ባቄላዋም እየፋፋች፣ ብብቴ ሥር እህት እየወለደች።

ከዚያ ያ ማለዳ መጣ። ግቢ እየጠረግኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። የነፍስ አባታችን አባ ኃይሌ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው የቀብር ዕድራችን የቅሬው ዳኛ ሼህ ይመር። ከኋላቸው ዘሃራ፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ። አንተ ታውቀዋለህ አራጌ። በእኛ አገር ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሰላምታውን አሳጥሮ በር ላይ ከቆመ መርዶ ነው። ሴት ካስከተሉ ደግሞ የምትወድቀውን የምትይዝ ናት። እኔ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ መርዶዋን የሚያረዱኝ ሰው አንዲት ብቻ ናት ያለችኝ።

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ነጠላዬን ወረወርኩ። መቅዲን! ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘሃራ ናት የነገረችኝ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ደረቴን ደቃሁት፣ ያንኑ የታመመውን። የምጠራው አንተን ነበር አሉ፤ አራጌ፣ አንተ መሄድህ አንሶ ልጄንም ወሰድካት፣ አንዷን እንኳ አትተውልኝም እያልኩ። አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሊናገሩ ሲሞክሩ ማን ሰምቷቸው! ዘሃራ ጭራሽ እኔን አቅፋ ታለቅስ ጀመር፤ ለምን እንደመጣች እያወቀች እኮ ነው! ጎረቤቱ አጥር እየዘለለ ገባ። ያ የባጃጅ መካኒክ መፍቻውን እንደያዘ ደረሰ። አንዱ የቅሬውን ጥሩምባ ሊያስነፋ ሲሮጥ፣ ሼህ ይመር ከዘራቸውን አንስተው፣ ያዙት ያንን ሰው፣ በቁሙ ያለ ሰው ሊያስቀብረን ነው እያሉ ይጮሃሉ።

መጨረሻ ላይ ሼህ ይመር ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ጆሮዬ ላይ ለጠፉት። እማ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔን ጩኸት ሰምታ ኖሮ፣ እማ ምን ሆንሽ፣ እማ፣ ምን ሆነችብኝ እያለች ትጮሃለች። ልጄ ናት! የሞተችው ልጄ! በዚያ በኩል እሷ እናቴ ሞተች ብላ፣ በዚህ በኩል እኔ ልጄ ሞተች ብዬ፣ ሁለታችንም በሕይወት እያለን ተላቀስን።

ቀልቤ ሲመለስ ሽማግሌዎቹን አጠብኳቸው። በዚህ ሰዓት ሰው ቤት ይመጣል ወይ፣ ልትገድሉኝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። አባ ከኪዳን ጸሎት፣ ሼህ ይመር ከሱብሂ ሶላት መልስ ተገናኝተው፣ ሱቅ ሳልከፍት ሊይዙኝ ኖሯል ሐሳባቸው። ሼህ ይመር አንገታቸውን ደፍተው፣ ለዚህ ቅሬ ስንት ዘመን መርዶ ሳደርስ እግሬ ሌላ ሰዓት አላውቅ ብሎኝ ነው፣ አፉ በይኝ ልጄ አሉኝ። እኒያ ትልቅ ሰው፣ ለሠርጌ በር ያስከፈቱ፣ ያንተንም መርዶ ለእናትህ ያደረሱ፣ እኔ ፊት እንዲያ አፍረው ሳይ አፉ፣ ይቅር ብያለሁ አልኳቸው።

የላከቻቸው መቅዲ ናት። ለሦስቱም ደውላ፣ እኔ አቃተኝ፣ እናንተ ንገሩልኝ ብላ አልቅሳ ለምናቸዋለች። አባ አስቀምጠው ነገሩኝ። የልጅሽ መድኃኒት ገና ሳህን ውስጥ በሚያድግ ሴል ላይ ነው የሚሞከረው። ከዚያ እንስሳ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ላይ ይሞከራል፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ሳይሳካም ሊቀር ይችላል። በዚህ ዓይነት መንገድ የሚሠራ መድኃኒት ውጭ አገር ለአንዳንድ ካንሰር ይሰጣል፣ ያንቺ ግን ከእነዚያ አይደለም። እሷ የምትደክመው ለኋላ ሰው ነው፤ ላንቺ ያለው የደሴው መርፌ ነው፣ እሱም ጊዜው ሳያልፍ አሉኝ። ሼህ ይመርም፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብሽ አሉ። ቀጥለውም፣ ያው እኛንም እንደዚያ፣ ምን ነበር ስሙ፣ እንደዚያ የመድኃኒቷ ሽማግሌ አድርጋ መራራውን አሸክማ ላከችን ሲሉ ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አልተቆጣሁምም። እውነቱን ልንገርህ፣ ካሉኝ ነገር ግማሹን ነው የሰማሁት። ልቤ ገና እዚያ አፈሩ ላይ ነበር። ያንተን ሞት ችዬዋለሁ አራጌ፤ እያየሁህ፣ እጅህን ይዤ ነው የሄድከው። የዚያን ማለዳውን ግን አልቻልኩትም። ሲያልፍም አላለፈልኝም፤ አሁንም በር ሲንኳኳ ከውስጥ ማን ነው ብዬ ሳልጠይቅ አልከፍትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልሄድም ስል ለራሴ ብቻ የወሰንኩ መስሎኝ ነበር፤ ሞተሬ የእኔ ነው፣ አላስወርድም ብዬ። ለካ አንድ ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ መቅዲ የተከራየቻት ክፍል በር ላይ እንዲቆም መንገድ እየጠረግኩለት ኖሯል። እሷ ደግሞ በዚያን ቀን ስልክ ጆሮዋ ላይ ቢለጥፉላትም ማን እማ ይላታል? ማን ልጄ ይላታል? የሚያነሳ የለም።

በሳምንቱ ዘሃራን ይዤ በባጃጅ ግራና ወረድኩ፣ ደርበው ዘንድ። ሚስቱ አበባ ትባላለች፣ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። የጡቷ ቁስል ቆዳዋን ቀዶ ወጥቷል። ደሴ ሂዱ ተብለው ነበር፤ እኔን ብለው ነው የቀሩት። መርሳ ያለችው ባለሱቅ፣ ልጇ የተማረች፣ እሷ እንኳ እየጠበቀች አይደል ወይ ብለው። እኔ የነገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ መድኃኒት እየተሠራ ነው፣ እየጠበቅኩ ነው። እውነት ተናግሬ ሰው አስቀረሁ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግረው ደርበው አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስቱን አየት አድርጎ፣ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት ነው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አበባ ደግሞ ከተኛችበት፣ ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳትና ውጭ ወጥቼ ዘሃራ ትከሻ ላይ ተደፋሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ቀን ግን እንባዬም አልወጣ አለ።

ለዚህ ነው ደብዳቤውን ሰው ቢያነበው አልጠላም ያልኩህ። ልጄ የምትሠራው እውነት ነው፣ ተስፋም ነው፤ እኔ እንዳደረግኩት ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠበቅ ግን አይደለም። ጡቷ ውስጥ ሽንብራ ያገኘች ሴት ሁሉ ባቄላ ሳታክልባት ትሂድ። ዘነበች ዋሸች ቢሉኝ ይበሉኝ።

ነገ ጠዋት ነው የምንሄደው፣ እኔም፣ ደርበውና አበባም፣ በአንድ ሚኒባስ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፤ የነገውን እግዚአብሔር ያውቃል። መቅዲ ደሴ መናኸሪያ ትጠብቀኛለች። ሱቁን ዘሃራ ታይልኛለች፣ እንግዲህ ሚዛኔ ጨርሶ የእሷ ሆነ ማለት ነው። ፈርቻለሁ አራጌ። ለመቅዲ አልነገርኳትም፣ ላንተ ግን እነግርሃለሁ። ብብቴ ሥር ደርሷልና መርፌው ያድነኝ አያድነኝ ማንም አልማለልኝም። ያ ያንተ መከራ በእኔ ሲመጣ እንደ አንተ መሳቅ እችል እንደሆነም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ለመቅዲ ነግሬያታለሁ፤ በእኔ የተነሳ ሥራሽን ብትጠዪ አባትሽ አይምርሽም አልኳት። ለእኔ ባይደርስ ለአበባ ልጆች ይደርሳል። ከባለፈው ሰኞ ጀምሮ እግሯ እሺ ብሎ እንደገባ ነግራኛለች።

ቱታህን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻታለሁ። ሁሉም ነገር ብረት ብረት ሲለኝ እሷን አሸታታለሁ፤ ቢያንስ አንዱ ብረት ከአንተ ጋራዥ እንደመጣ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ሐሳብ ያስረሳል ይላሉ። የሱቄን ዕቃ ቦታ ቢያስረሳኝ ያስረሳኝ፤ ዓይንህን ጨፍነህ የምታዳምጠውን ግን አያስረሳኝም። የሚያመኝን እንደ አንተ አዳምጬ፣ ያለውን ነገር በስሙ እየጠራሁ ለሐኪሙ እናገራለሁ። አንተን የማስታውስህ እንዲያ ነው፤ አንተን ጨጓራ ባልንህ አፍ እኔ የራሴን ካንሰር እያልኩ።

ነገ ሊሸኙኝ የሚመጡት አባና ሼህ ይመር ናቸው፣ ከኋላቸውም ዘሃራ። ሼህ ይመር ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንምጣ ብለው ነበር፤ እንዳልደነግጥ አስበው ነው። እኔ ግን በዚያው በማለዳው ኑ አልኳቸው። በሩ ሲንኳኳ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ሻንጣዬን ይዤ፣ ከውስጥ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።

ያንተው ዘኑ
መርሳ